ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ሠርቶ በጨረሰው አሳይመንት 15 ነጥብ አጣ። ሥራው ስልኩ ውስጥ ነበር። አልላከውም።

ውጤት ስሞላ ከስሙ ፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁትና ደወልኩለት። ጎበዝ ልጅ ስለሆነ ግራ ገብቶኝ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ የሚማረው ማታ ማታ በስልኩ ነው። «ቲቸር፣ አልፎብኝ ነው» አለኝ። «ከሥራ ስገባ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ማስረከቢያው ደግሞ 11፡59 ነው የሚለው።»

ዝም አልኩ። ኮርስ አውትላይኑ ላይ የጻፍኩት «11፡59 ፒኤም» በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነበር። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ማለት ነው። እሱ ያነበበው እኛ ሰዓት በምናነብበት መንገድ ነው፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ለ12 አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ቤቱ ሲደርስ በሩ ገና ከአምስት ሰዓት በላይ ክፍት ነበር። እሱ ግን ተዘግቷል ብሎ ተኛ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት።

«አውትላይኑ ላይ ዘግይቶ የመጣ ዜሮ ይላል እኮ፣ ቲቸር።»

እውነቱን ነው። ይላል። በደማቅ ፊደል የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ነጥቡ ተስተካከለለት። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ሌሎቹን ባዶ ቦታዎች እያየሁ ቆየሁ። ስንቶቹ እንደዚሁ ተዘግቷል ብለው የተኙ ይሆኑ? አሁን ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፏል፤ የካቲት ላይ የሚጀምረውን የኦንላይን ኮርስ አውትላይን እንደገና እየጻፍኩ ነው። ኮርሱ የስታቲስቲክስ መግቢያ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አቶቴ ባለው ቤቴ የአምናውን አራት ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር እያነበብኩት ነው።

ብዙዎቻችን ኦንላይን ማስተማር የጀመርነው ተገደን ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የነበረንን ሃንድአውት ፎቶ እያነሳን በቴሌግራም ላክን። ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ጊዜው አለፈ፤ ልማዱ ቀረ። የእኔ አውትላይን ከክፍል ወደ ኦንላይን ሲዛወር፣ «ክፍል ቁጥር» በሚለው ቦታ ላይ «ኦንላይን» የሚል ቃል ገባ። በቃ። «የቢሮ ሰዓት፦ ማክሰኞ ከ2፡00 እስከ 4፡00» የሚለው እንኳ እንዳለ ነው። የትኛው 2 ሰዓት? የትኛው ቢሮ?

ክፍል ውስጥ ይሄ ብዙም አይጎዳም። አውትላይን በመጀመሪያው ቀን ይታደላል፣ አብረን እናነበዋለን፣ ከዚያ ደብተር ውስጥ ታጥፎ ይቀራል። ያልገባው በር ላይ ጠብቆ ይጠይቀኛል። የክፍል ተጠሪው ይደውላል። እኔም ሐሙስ ዕለት «ሚድ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ እንዳትረሱ» እላለሁ። ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ሁሉ አፌ ይሞላዋል። ቤንሳ ወይም አለታ ወንዶ ሆኖ ማታ በአራት ሰዓት ስልኩን የሚከፍት ተማሪ ግን የእኔ አፍ የለውም። ያቺው ወረቀት ብቻ ናት ያለችው።

ይህን ሳስብ የእናቴ ሞጁሎች ትዝ አሉኝ።

እናቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። አሁን ጡረታ ወጥታ ይርጋለም ትኖራለች። ዲፕሎማዋን ያገኘችው በርቀት ትምህርት ነው፤ ቀን እያስተማረች፣ ማታ እኛን አስተኝታ እያነበበች። ሞጁሎቹን እስከ ዛሬ አልጣለቻቸውም። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኳቸው። ሽፋናቸው ተልጧል። ጠርዙ ላይ የሻማ ጠብታ ያለበት አለ።

የመጀመሪያውን ገልጬ አነበብኩ። «ውድ ተማሪ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ይህን ክፍል ለመጨረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይናገራል። ከእያንዳንዱ ርዕስ በኋላ «እስኪ ወደሚቀጥለው ከማለፍዎ በፊት ይህንን ይሞክሩ» ይላል። ራስን መፈተሻ ጥያቄ አለው፤ መልሱ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ስንት ጥያቄ የሳተ ተመልሶ የቱን ገጽ እንደሚያነብ ሳይቀር ተጽፏል። ያን የጻፈው ሰው እናቴን አያውቃትም። ግን ማታ ብቻዋን እንደምታነብ ያውቅ ነበር። ጽሑፉን ስታነቡት አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

እኔ ኢንተርኔት፣ ቪዲዮና ቴሌግራም እያለኝ የጻፍኩት አውትላይን፣ ያኔ በወረቀት ብቻ ከተሠራው ያነሰ ያናግራል። ይህ አንገበገበኝ።

የርቀት ትምህርት ምሁሩ ማይክል ሙር «ትራንዛክሽናል ዲስታንስ» የሚሉት ሐሳብ አላቸው። በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ዋናው ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም ይላሉ፤ የመግባባት ርቀት ነው። ንግግር ሲበዛ ይጠባል፤ ንግግር ሲያንስና ትምህርቱ በደረቅ ሕግ ሲታጠር ይሰፋል። የእኔ ተማሪ ከቤቴ የባጃጅ መንገድ ነው የሚኖረው። እናቴን ደግሞ ከሞጁሉ ጸሐፊ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይለያት ይሆናል። የትኛችን ተማሪ ይበልጥ እንደራቀ ግልጽ ነው።

ለትምህርት የምንጠቀምበት ሙድል የተባለው ሶፍትዌር እንኳ መነሻው ከዚህ አይርቅም። ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው። ሰውየው ልጅነቱን ያሳለፈው በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱን የሚከታተለው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር። ሩቅ ቦታ ሆኖ መማር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሠራው ዕቃ ነው። ውስጡን ሳየው እኔን ያሳሰበኝ ነገር መፍትሔ ተቀምጦለታል። አንድ አሳይመንት ላይ ሁለት ቀን መሙላት ይቻላል። አንዱ ማስረከቢያው ነው። ሁለተኛው ጨርሶ የሚዘጋበት ነው። ከአንደኛው በኋላ የመጣ «ዘግይቷል» የሚል ምልክት ይዞ ይገባል እንጂ አይመለስም። ሁለቱን አንድ ቀን አድርጌ ስሞላ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ለውጥ እዚያ ላይ አደረግሁ። ማስረከቢያ ሁልጊዜ እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በቃል፣ በአማርኛ፣ ከነ«ከምሽቱ»። ሲስተሙ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ እንደሚታይ ከጎኑ ጽፌያለሁ። እኩለ ሌሊትን ተውኩት፤ ሲስተሙ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል፣ እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቀይረው ሲነጋ ነው። እሑድ ሌሊት ስል የእኔ እሑድና የተማሪው እሑድ ሊለያይ ይችላል። ጨርሶ የሚዘጋው ከዚያ 48 ሰዓት በኋላ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በሴሚስተሩ ሁለት ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት፣ ያለ ምንም ደብዳቤ መዘግየት ይቻላል። መብራት ሄደ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ልጅ ታመመ፤ አንድ ሰው ይህንን እንዲያስረዳ ማስገደድ አልፈልግም።

ቀኑም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ስልኩ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እኛ በኢትዮጵያ። ሁለቱን የሚያዛምደውን በጭንቅላት የያዘ ሰው ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይሳሳታል። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። በ2016 ግን 20 ነበር፤ 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበራት። እንግዲህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም ጽፌዋለሁ። ገጹ ተጨናንቋል። ይጨናነቅ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ሰዓት መቁጠር ነው። ይሄኛው ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ፤ ስታቲስቲክስ የማስተምር ሰው እስከ ዛሬ አለመቁጠሬ ያሳፍረኛል። ኮርሱ 3 ክሬዲት አወር ነው፤ በአውሮፓው የትምህርት ጫና መለኪያ 5 ኢሲቲኤስ። አንድ ኢሲቲኤስ አውሮፓ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይያዝለታል፤ እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ 27 ነው። አምስቱ 135 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር አምናም አውትላይኑ አናት ላይ ተጽፎ ነበር። እኔም አልፌው እሄድ ነበር።

አሁን የአምናውን ሳምንታዊ ሥራ አንድ በአንድ ደመርኩት። ንባቡን ራሴ ሰዓት ይዤ አነበብኩና በሁለት አባዛሁት፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ተማሪዎቼ ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ነው። የቪዲዮ ስብሰባውን፣ መልመጃውን፣ የግሩፕ ሥራውን ጨመርኩ። በሳምንት 12 ሰዓት መጣ። በሴሚስተር 192። ከተፈቀደው 57 ሰዓት ይበልጣል። ሰባት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከሚሠራ ሰው እንቅልፍ ላይ የወሰድኩት። መውሰዴን እንኳ በአውትላይኑ ላይ አልተናገርኩም።

ለመቀነስ መቁረጥ ያስፈልጋል። መቁረጥ ያማል። ስምንት ምዕራፍ ነበረኝ፣ አምስት አስቀረሁ። እያንዳንዱን ስጥል «ይህን ሳያውቁ እንዴት ይመረቃሉ?» የሚል ነገር ይሟገተኝ ነበር። የረዳኝ ጥያቄ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ የሚለው ነው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እንደ ፈረንጆቹ የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ ካስቀመጡ ወዲህ መምህር ሁሉ ዓላማህን የሚታይ ድርጊት በሚናገር ግሥ ጻፍ ተብሎ ሲሰበክ ኖሯል። እኔም ሰምቼዋለሁ። ሆኖም የአምናው አውትላይኔ ላይ «ተማሪው የመካከለኛ ልኬቶችን ይረዳል» ይላል። መረዳቱን በምን አየዋለሁ?

አሁን የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የአምስት አሣ አጥማጆችን የቀን ውሎ ቢነግሯችሁ፣ አማካዩን ትናገራላችሁ ወይስ መሃለኛውን? ለምን?» እንበል አራቱ 4፣ 5፣ 5 እና 6 ኪሎ አመጡ፤ አምስተኛው ቀን ወጥቶለት 30 ኪሎ። አማካዩ 10 ኪሎ ነው። ከአምስቱ ወደ 10 የተጠጋ ማንም የለም። መሃለኛው፣ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ 5 ነው። ይህን አይቶ የቱ እውነቱን እንደሚናገር ማስረዳት የቻለ ተማሪ፣ ነገ ቢሮው ውስጥ «አማካይ ደመወዝ» የሚል ሪፖርት ሲመጣለት ይጠይቃል። ለእሱ ስል ሦስቱን ምዕራፎች ለቀቅኩ።

ዳታም ሒሳብ ነው። ለአንድ ሰዓት በቪዲዮ ስንሰበሰብ እያንዳንዱ ተማሪ ብዙ መቶ ሜጋባይት ያወጣል። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ ግን ለአንድ ሰዓት 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በአጫጭር የድምፅ ቅጂና በገጽ እየከፈልኩ እልካለሁ። ቪዲዮ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለጥያቄ ብቻ፤ መቅረት ነጥብ አያስቀንስም። የሙድል መተግበሪያ አንዴ ዋይፋይ ባለበት ካወረዱት ያለ ኢንተርኔትም እንደሚያስነብብ አውትላይኑ ላይ በሥዕል ጭምር አሳይቻለሁ። ይህን የማያውቁ ብዙ ተማሪዎች ነበሩኝ። የነገራቸው የለም።

ስለ ኩረጃ ብዙ አልጻፍኩም። አምና አንድ ሙሉ ገጽ ዛቻ ነበር። ቻትጂፒቲ በ2015 ኅዳር ላይ ከመጣ ወዲህ መምህራን ስንገናኝ ወሬያችን ይኸው ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ተካፍየዋለሁም። ዘንድሮ ግን ዛቻውን አውጥቼ ሥራውን ቀየርኩት። እያንዳንዱ ሰው ደጃፉ ላይ ወይም ሠፈሩ መንገድ ዳር 30 ደቂቃ ቆሞ የሚያልፉ ባጃጆችን ይቆጥራል፤ ባዶ የሚሄዱትን፣ የጫኑትን። በእጁ ደብተር ላይ ይመዘግብና ገጹን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ባጃጅ የሌለበት ሰው የሚቆጥረውን ራሱ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝኛው ማሽን ቢያማክር አልከለክልም፣ ምን እንዳማከረ ከጻፈ። የግሩፕ ሥራ ቀርቷል። አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም ሲያስገቡ ስንት ዓመት አየን። ፋይናል በአካል ሐዋሳ ይሰጣል፣ ቅዳሜ፣ ከሦስት ወር በፊት ቀኑ ታውቆ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ፈቃድ መጠየቅና ማደሪያ መፈለግ አለበት።

የሳምንቶቹን ሠንጠረዥ ስሞላ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ፋሲካ መቼ እንደሚውል በባሕረ ሐሳብ ከወዲሁ ይታወቃል። ዒድ ግን ጨረቃ ታይታ ነው። ፊቼ ጨምበላላን ደግሞ የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ነው ቀኑን የሚናገሩት። ዩኔስኮ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ በዓል ከጥር ላይ ሆኜ በሠንጠረዤ ልይዘው የምችለው አይደለም። አምና ኩዊዝ በማግስቱ ጥዬ ነበር። ግማሹ ክፍል በየአገሩ ሄዶ ነበር። ለዘንድሮ ከ16ቱ ሳምንት ሁለቱን ባዶ አደረግኋቸው። ሠንጠረዡ ላይ «በዓሉ ሲታወቅ እዚህ ይገባል» ይላል። ዲፓርትመንት ውስጥ አንድ ባልደረባዬ አይቶ «ያልተሟላ ይመስላል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይመስላል። እንደዚሁ አስገባዋለሁ።

ይኸው ባልደረባዬ ግን ሌላ ትልቅ ነገር አደረገልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ በአማርኛ ጽፌ ነበር፣ ሁሉም እንዲገባው ብዬ። «ለሁሉም አይደለም እኮ» አለና ምሳ ሰዓቱን ሰጥቶ ወደ ሲዳምኛ መለሰልኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነዋል።

ያ ገጽ «ውድ ተማሪ» ብሎ ይጀምራል። ከእናቴ ሞጁል እንደወሰድኩት አልደብቅም። እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ድምፄን የሚሰሙበት የቴሌግራም ቅጂ የት እንዳለ፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ እንደምጠይቃቸው ይናገራል። ስምንቱን ሰዓት እንዴት ሊከፋፍሉት እንደሚችሉ አንድ ምሳሌ አለ፤ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው።

ትናንት ማታ ገጹን ለእናቴ በቴሌግራም ላክሁላት። መነጽሯን አድርጋ እስክታነበው ቆይታ ደወለች። ሐዋሳ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በስልኬ ብርሃን ወረቀቱን ይዤ አዳመጥኳት።

«ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን ልጄ፣ እዚህ ቀኑ ካለፈ በኋላ በሁለት ቀን ይዘጋል ብለሻል። ከተዘጋ በኋላ የመጣው ምን ያድርግ?»

«ከተዘጋማ ተዘጋ እኮ፣ እማዬ።»

«እኔ ሁለተኛውን ሞጁል ስማር አባትሽ ታሞ ነበር። አሳይመንቱን በጊዜ አላደረስኩም። አልቋል ብዬ ትቼው ነበር። አስተባባሪው መንገድ ላይ አግኝቶኝ ባይጠይቀኝ ኖሮ እዚያው ነበር የምቀረው። አንቺ ተማሪዎችሽን መንገድ ላይ አታገኚያቸውም።»

ስልኩን ዘግተን ቆየሁ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ የማስረከቢያውን ክፍል አወጣሁ፤ «ይዘጋል» ከሚለው መስመር ሥር በእስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ከተዘጋም በኋላ ጻፉልኝ። የሠራችሁት በስልካችሁ ካለ፣ ከምንም በፊት እሱን ላኩልኝ።» መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባሁት። ባልደረባዬን ነገ ጠዋት ይህቺን አንድ መስመር በሲዳምኛ እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ።